የተወደደ ዘይትና የባለ ሱቁ ኅሊና

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ባስታወቀ ጊዜ፣ አንድ የአሜሪካ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። በሳሊተ ምሕረት አካባቢ ግን ገበያው ሳምንታትን አልጠበቀም። የምግብ ዘይት ከመደርደሪያ ተሰወረ፤ ያልተሰወረውም በአንድ ሌሊት ዋጋው ተለወጠ። በከተማዪቱም ያለ አግባብ ዋጋ ጨምረዋል ወይም ሸቀጥ ሸሽገዋል የተባሉ ብዙ ሱቆች ታሸጉ።

በዚያ ሰሞን ከቅዳሴ በኋላ አንድ ባለ ሱቅ ምእመን ቀርቦ፣ «አባ፣ ይህን ዘይት የገዛሁት በድሮው ዋጋ ነው። በድሮው ዋጋ ብሸጠው ግን ነገ ከአከፋፋዩ የምተካበት ገንዘብ አይኖረኝም። ጨምሬ ብሸጥ ኃጢአት ይሆንብኛል?» ሲል ጠየቀን። ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራንም ተመሳሳይ ጥያቄ ሳይቀርብላቸው አልቀረም። መደርደሪያ ለሌለው ሰው በነጋዴ ላይ መፍረድ ይቀለዋል።

ቅዱስ ቶማስ ዘአኲኖ በ13ኛው ምእተ ዓመት ስለ ሽያጭ ፍትሕ ሲያስተምር፣ ሻጭ ዕቃውን በመልቀቁ የሚደርስበትን ጉዳት በዋጋው ውስጥ ሊያስብ እንደሚችል፣ የገዢውን ችግር ግን ሊሸጥ እንደማይችል አስረድቷል፤ ችግሩ የገዢው እንጂ የሻጩ ሀብት አይደለምና። በዚህ መሠረት፣ ነገ የሚተካበትን ዋጋ ያሰላ ነጋዴ ራሱን ከኪሳራ ጠበቀ እንጂ ቀማኛ የሚባል አይመስለንም። ዘይቱን ከመጋረጃ በስተጀርባ ደብቆ «አልቋል» የሚለው ግን የሌላውን ጭንቀት እየሸጠ ነው፤ ሐሰቱ ሲጨመርበትም በደሉ እጥፍ ይሆናል። መጽሐፈ ምሳሌም (11፥26) እህል የሚከለክል ሰው የሕዝብ ርግማን እንደሚያገኘው ያስጠነቅቃል።

ገዢዎችስ? አቅም ያለን ሰዎች ነገን ፈርተን አራትና አምስት ባለ 5 ሊትር ዘይት ስንሸከም፣ በቀን ሥራ የምታድር እናት በትንሽ ጠርሙስ የምታስቀዳውን አጣች። ፍርሃቱ ኃጢአት አልነበረም፤ ለቤተሰብ ማሰብም ግዴታ ነው። ነገር ግን የነገን ሥጋት ከራሳችን አውርደን፣ ምንም ማከማቸት በማትችለው በእርስዋ ላይ ጫንነው። እርስዋ የምትገዛው ለዚያች ምሽት ወጥ ብቻ ነበር።

ለባለ ሱቁ፣ «ዋጋህን በምትተካበት ልክ ወስን፤ ያለህን ግን አትሸሽግ፤ ለአንድ ቤት ከአንድ በላይ አትስጥ፤ በጠርሙስ ለሚያስቀዱትም አስቀርላቸው» አልነው። «ደንበኞቼ ይቀየሙኛል፤ ሱቄን ያቆሙት እኮ በብዛት የሚገዙት ናቸው» አለን። እውነቱን ነበር። ከእነዚያ ደንበኞች አንዱ የእኛው ቤት ነው፤ በዚያው ሳምንት ለቁምስናችን ማእድ ቤት አራት ባለ 5 ሊትር ዘይት አስመጥተን ነበርና።