ዳገቱና መርፌው

ከሸዋ ሮቢት ተነስቶ በደብረ ሲና፣ በጣርማ በር ዋሻ አድርጎ ወደ ደብረ ብርሃን የሚወጣ ሰው በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከ1,300 ሜትር ገደማ ተነስቶ ከ3,000 ሜትር በላይ ይደርሳል። አየሩ ሲሳሳ ኢፒኦ የሚሉት ጂን ይነቃል። ኩላሊት ኤሪትሮፖይቲን የተባለውን ፕሮቲን ጨምሮ ያመነጫል፤ ፕሮቲኑም የአጥንት መቅኔን ቀይ የደም ሴል እንዲያበዛ ያዘዋል።

ማሾና ሽንኩርት በሚያበቅለው የይፋት ቆላ የተወለደ ሯጭ ደጋ ወጥቶ ቢሰለጥን ማንም አይከሰውም። ያንኑ ፕሮቲን ገዝቶ ቢወጋ ግን ይታገዳል። ለምን?

«አንዱ የተፈጥሮ ነው፣ ሌላው ሰው ሠራሽ» የሚለው መልስ አያጠግበኝም። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ፕሮቲኑን በበቂ ስለማያመነጭ ደሙ ያንሳል፤ ከአልጋው እስከ በሩ መሄድ እንኳ ዳገት ይሆንበታል። መርፌው እ.ኤ.አ. በ1989 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ለእንዲህ ዓይነቱ በሽተኛ ነው። ሰው ሠራሽ ነው ብሎ የሚከለክለው አለ እንዴ?

ተፈጥሮም ብትሆን ፍትሐዊ አይደለችም። ፊንላንዳዊው የበረዶ ሸርተቴ ተወዳዳሪ ኤሮ ማንቲራንታ እ.ኤ.አ. በ1960 እና በ1964 የኦሊምፒክ ወርቅ ወስዷል። የፕሮቲኑን ተቀባይ የሚያሠራው ጂን በውርስ የተለወጠበት ስለነበር ደሙ ከሌላው ሰው እጅግ የበዛ እንደነበር የታወቀው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ሜዳሊያውን የነጠቀው የለም፤ መንጠቅም አይገባም ነበር። (የእኛን ደገኞች ግን በእሱ ዓይን ማየት ችኮላ ነው። እነ ሲንቲያ ቢል እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ ስሜን ተራሮች ላይ በ3,530 ሜትር የሚኖሩ ሰዎች ሄሞግሎቢናቸው በባሕር ጠለል ከሚኖር ሰው ብዙም የተለየ ሆኖ አልተገኘም።)

«አደገኛ ስለሆነ ነው» የሚለው መልስ ይሻላል። ከልክ ያለፈ ደም ይወፍራል፣ ይረጋል፣ ልብና አንጎል ይጎዳል። ግን ጉዳቱ በራሱ ላይ ብቻ ከሆነ ማራቶንም እኮ ጉልበት ይጨርሳል፤ አልከለከልነውም።

እኔን የሚያሳምነኝ ሌላ ነው። አንዱ ሲወጋ የጎረቤቱን ምርጫ ይወስድበታል። የሮቢቱ ልጅ አብረውት የሚሮጡት ከተወጉ ወይ እሱም ክንዱን ይሰጣል፣ ወይ ጫማውን ይሰቅላል። ሦስተኛ መንገድ አልተተወለትም። ዳገቱ ግን የመኪና መሳፈሪያ ላለው ሁሉ ክፍት ነው፤ የአንዱ መውጣት የሌላውን ጤና አያስይዝም።

ታዲያ ድንኳኑስ? ገንዘብ ያላቸው ሯጮች ዳገት ሳይወጡ፣ አየሩ እንዲሳሳ በተደረገ ድንኳን ውስጥ ተኝተው ያድራሉ። ዓለም አቀፉ የፀረ አበረታች ቅመሞች ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2006 ጉዳዩን መርምሮ ሳይከለክለው ቀረ። እርግጥ እንደ መርፌው ጤናን አያስይዝም። ሌላውን «አንተም ግዛ» ብሎ ማስገደዱ ግን ያው ነው፤ የሮቢቱ ልጅ አባት ደግሞ ለድንኳን የሚሆን ሽንኩርት አይሸጥም። እዚህ ላይ ሕጉን ልከራከርለት አልችልም።