ስለ ፍጥረት ልብስና ስለ ነጋዴ ዕቃ



ወንድሜ ነጋዴ ሆይ፤ አንዳንድ ሰው በገበያ ሲያታልል ቢገሥጹት፣ «አራዊትስ በመልካቸው እያታለሉ አይደለምን የሚኖሩት?» ብሎ ይመልሳል። ይህን ምክንያቱን እንመርምረው።

በሶርያ ደቡብና በዮርዳኖስ ምሥራቅ እሳተ ገሞራ ያፈሰሰው ጥቁር ድንጋይ የሸፈነው በረሀ አለ። በዚያም ድንቢጥ የምታህል አንዲት ወፍ ትኖራለች፤ ላባዋ እንደ ድንጋዩ የጠቆረ ነው። አሸዋማ በሆነው በረሀ ግን የዚያችው ወፍ ወገን የአሸዋ መልክ ለብሳ ትገኛለች። ጭልፊት ከላይ ሆኖ ሲመለከት ወፊቱን ከመሬቱ ለይቶ ማየት ይቸግረዋል። ይህን ልብስ ፈጣሪዋ አለበሳት እንጂ እርሷ አልሰፋችውም። የምትሰወረውም ሊበላት ከሚመጣው ነው። አንተ ግን የዕቃህን ነውር የምትሰውረው ከማን ነው? አምኖህ ከደጅህ ከቆመው ደንበኛህ አይደለምን? (እስስትንም ሰው በከንቱ ያማታል፤ መልኳን የምትለውጠው አብዛኛውን ጊዜ ለመሰወር ሳይሆን ስትቆጣ፣ ተባዕቱም እንስቲቱን ሲሻ፣ ብርድና ሙቀትም ሲፈራረቅባት ነው።)

ከዚህ ይልቅ የሚያስፈራውን ስማ። በአፍሪካና በዐረብ አገር ክንፉ ብርቱካንማ፣ ጫፉ ጥቁርና ነጭ የሆነ ቢራቢሮ አለ፤ የጥንት ግብጻውያንም በመቃብራቸው ግድግዳ ሥለውታል። ትሉ እንደ ወተት ያለ መርዛም ፈሳሽ የሚያወጣ ተክል እየበላ ስለሚያድግ የቢራቢሮው ሥጋ መራራ ነው። ወፍ አንድ ጊዜ ቀምሳ ትተፋዋለች፤ ከዚያም ወዲያ ያን ቀለም ስታይ ትሸሻለች። መርዝ የሌላት የሌላ ወገን ቢራቢሮም እንስቲቱ ይህንኑ ቀለም ለብሳ በሰላም ትበራለች። እንግሊዛዊው ሄንሪ ቤትስ እንዲህ ያለውን መመሳሰል በአማዞን አገር ቢራቢሮዎች መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1862 ጽፎታል።

ታዲያ አስመሳዮቹ እጅግ ቢበዙ ምን ይሆናል? ወፊቱ ደጋግማ ብትቀምስ ምሬት አታገኝም፤ ቀለሙንም መፍራት ትተዋለች። ያን ጊዜ አስመሳዩም መራራውም በአንድነት ይነከሳሉ።

በገበያም እንዲሁ ሆኖ አይተናል። በማር ውስጥ የስኳር ውሃ የሚጨምር ሰው የራሱን ደንበኛ ብቻ አያጣም፤ ንጹሕ ማር የሚሸጠው ጎረቤቱም ይጠረጠራል፤ የዚያም ጎረቤት ልጆች ባልበደሉት ይራባሉ።

ነቢያችን (ሰላም በእርሳቸው ላይ ይሁን) በአንድ የእህል ክምር አጠገብ ሲያልፉ እጃቸውን ቢያስገቡ እርጥበት አገኙ። ባለቤቱም ዝናብ እንደ መታው ነገራቸው። እርሳቸውም ሰው ሁሉ እንዲያየው እርጥቡን ከላይ ስለ ምን እንዳላደረገው ጠየቁት። ስለ ዝናቡ ግን አልወቀሱትም።