ጌታ የወረደበት ጥልቅ

ምንባብ፦ 1ጴጥ. 3፥18-20፤ ኤፌ. 4፥8-10



መቍጠሪያ ለመድገም በምንቀመጥበት ጊዜ በመጀመሪያ የምንደግመው የሐዋርያትን ጸሎተ ሃይማኖት ነው። በዚያም ጸሎት ውስጥ የጌታን መሰቀል፣ መሞትና መቀበር ከመሰከርን በኋላ፣ ትንሣኤውን ከመናገራችን በፊት፣ ወደ ሲኦል መውረዱን የምትመሰክር አንዲት አጭር ቃል አለች። ብዙዎቻችን በእርሷ ላይ ሳንቆም ወደ ትንሣኤው እንጣደፋለን። እኔም በክህነት ባገለገልሁባቸው ሃያ ሁለት ዓመታት ስለ እርሷ አንድ ቀን እንኳ ሰብኬ አላውቅም ነበር። እንድቆምባት ያደረገኝ ባለፈው ዓመት በሐምሌ ወር፣ በባዕድ አገር፣ ከምድር በታች በሚፈስስ ወንዝ ላይ በጀልባ ተቀምጠን ሳለን አንድ የሰባት ዓመት ሕፃን ያቀረበልኝ ጥያቄ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኅቴ በፈረንሳይ አገር በቱሉዝ ከተማ ከባሏና ከሁለት ወንዶች ልጆቿ ጋር ትኖራለች። አባታችን ባረፈ ጊዜ የመኖሪያ ፈቃዷ ገና አልተሰጣትም ነበርና ከወጣች መመለስ የማይቻላት ስለሆነ ለቀብሩ ልትመጣ አልቻለችም። መርዶውን በስልክ ሰማች፤ የአገር ልጆች ተሰብስበው ሦስት ቀን አስተዛዘኗት፤ በአራተኛው ቀን ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ ስድስት ዓመት ሙሉ የአባታችንን ስም በአፏ አንሥታ አታውቅም። በቅዳሴ ላይ ስለ ሙታን በሚጸለይበት ሰዓት ትንሹን ልጅ ይዛ ወደ ውጭ ትወጣ እንደነበር ባሏ ነግሮኛል። እንዲህ ያለ ኀዘን በስደት ባሉት ልጆቻችን ዘንድ የተለመደ መሆኑን እናንተም ታውቃላችሁ፤ አባቱን ወይም እናቱን ያልሸኘ ልጅ የሌለው ቁምስና የለንም። እኔስ ምን አደረግሁ? ወንድሟም ካህንም ሆኜ ዐሥር ደቂቃ ያህል በስልክ አጽናናኋት፤ «አይዞሽ፣ እግዚአብሔር ያውቃል» አልኋት፤ መስመሩም ተቋረጠ።

ባለፈው ዓመት እናታችን ቪዛ ስላገኘች አብሬያት ሄድሁ። አንድ ቅዳሜ ቀን የእኅቴ ባል ልጆቹንም እኛንም ለማስደሰት ብሎ ሁለት ሰዓት ያህል በመኪና ወደ ሰሜን ይዞን ተጓዘና ፓዲራክ ወደሚባለው ዋሻ አደረሰን።

ፓዲራክ ሎት በሚባለው አውራጃ ውስጥ ይገኛል። አገሩ የኖራ ድንጋይና ቍጥቋጦ የበዛበት ሜዳ ነውና ወደ ስፍራው እስኪደርሱ ድረስ የሚያስታውቅ ምልክት የለውም። ከዚያ በድንገት ምድሪቱ ከ30 ሜትር በላይ የሚሰፋ ክብ አፏን ከፍታ ትታያለች። ሊቃውንቱ እንደሚያስረዱት ውኃ ከስር እየሸረሸረ ያሰፋው የጥንት ዋሻ ጣሪያው ተደርምሶ ነው ገደሉ የተከፈተው። ከምድር ገጽ 103 ሜትር ዝቅ ብሎም በጨለማ ውስጥ ወንዝ ይፈስሳል። እኛም በባሌ ዌብ የተባለው ወንዝ የሚያልፍበት የሶፍ ዑመር ዋሻ አለንና ነገሩ ለኢትዮጵያዊ ሰው ጨርሶ እንግዳ አይደለም።

የአገሩ ገበሬዎች ከሊቃውንቱ አስቀድሞ የራሳቸው ታሪክ ነበራቸው። የቱር ጳጳስ የነበረው ቅዱስ ማርቲኖስ፣ ወታደር ሳለ ካባውን ለሁለት ቀድዶ ለለማኝ ያካፈለው ማለት ነው፣ በበቅሎ ሲጓዝ ሰይጣንን የነፍሳት ከረጢት ተሸክሞ አገኘው ይላሉ። ሰይጣንም በቅሎዪቱ የሚያበጅላትን እንቅፋት ከተሻገረች ነፍሳቱን ሊለቅለት ተወራርዶ ምድርን በተረከዙ ቢረግጥ ይህ ገደል ተከፈተ፤ በቅሎዪቱ ግን ዘልላ ተሻገረች፤ ነፍሳቱም ዳኑ፤ ሰይጣንም አፍሮ በዚያው ጕድጓድ ወደ ቤቱ ገባ። ይህ ተረት ነው እንጂ ትምህርተ ሃይማኖት አይደለም፤ ልጆቹም እጅግ ወደዱት። ይሁን እንጂ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፤ በተረቱ ቅዱሱ በገደሉ አናት ላይ ይሻገራል እንጂ ወደ ገደሉ አይወርድም።

እስከ 1889 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ድረስ የጥልቁን ወንዝ ተጕዞ የመረመረው ሰው አልነበረም። በዚያ ዓመት በሐምሌ ወር ኤድዋር አልፍሬድ ማርቴል የተባለ የሕግ ባለሙያ ከጥቂት ባልደረቦቹ ጋር በገመድ መሰላል ወረደ፤ በማግሥቱም ተጣጣፊ የሸራ ጀልባ ይዞ ተመልሶ በወንዙ ላይ ተጓዘ። ከ1898 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ቦታው ለጐብኚዎች ተከፍቷል። ዛሬ በኤሌክትሪክ መብራትና በአሳንሰር የሚወርደው ሕዝብ ሁሉ ያለ ፍርሃት የሚወርደው አስቀድመው የወረዱ ሰዎች ስላሉ ነው።

እናታችን ግን በገደሉ ጠርዝ ላይ ቆማ ወደ ታች ተመለከተችና፣ «አባ፤ ሳልጠራ ምን አስቸኰለኝ? ቀኔ ሲደርስ እወርድ የለም ወይ?» አለችኝ። ሁላችንም ሳቅን፤ እኅቴ ብቻ አልሳቀችም። በመጨረሻ ትንሹ ልጅ እጇን ይዞ ስለለመናት፣ ከታች ብርድ ነው ስለተባለች ጋቢዋን በካፖርቷ ላይ ደርባ በአሳንሰሩ ገባች። በእርግጥም በጋ ከክረምት ሳይል የዋሻው ሙቀት 13 ዲግሪ ነው። ከታች ሆነን ቀና ስንል የተውነው ሰማይ እንደ አንድ ሰማያዊ ሰሐን ትንሽ ሆኖ ታየን። ጥቂትም በእግር እንደሄድን እርሱም ተሰወረ።

ጀልባዋ ሞተር የላትም፤ ቀዛፊው ከኋላ ሆኖ ይቀዝፋታል። ከሌሎች ጐብኚዎች ጋር ተጠጋግተን ተቀመጥን፤ እናቴና እኅቴ ጐን ለጐን፣ ትንሹ ልጅ በእኔ ጕልበት ፊት። ውኃው ከመጥራቱ የተነሣ ጀልባዋ በአየር ላይ የተንጠለጠለች ይመስል ነበር። ግድግዳዎቹ ከወዲህና ከወዲያ ይጠባሉ፤ ጣሪያው ግን ከመብራቱ በላይ ርቆ በጨለማ ይጠፋል። ጉዞው ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከቀዘፋውና ከጠብታው ድምፅ በቀር የሚሰማ ነገር አልነበረም፤ ጠብታዎቹም ከአየርና ከአፈር ባገኙት ጋዝ ጥቂት የኰመጠጡ የዝናም ውኃዎች ናቸው፤ ከላይ ኖራውን እያሟሙ ይዘውት ይወርዱና ከታች በኢምንት በኢምንት ይተዉታል፤ እንዲህ ሆኖ ነው ድንጋዩ የሚያድገው።

በዚህ ጸጥታ መካከል ልጁ ወደ እኔ ዞሮ፣ «አባ፤ ሲኦል ይህ ነው?» አለኝ። አያቱ ማታ ማታ ጸሎተ ሃይማኖት እያስጠናችው ስለነበር ቃሉን ከዚያ ይዞታል። አይደለም ብዬ ሳቅሁ። እርሱ ግን አልሳቀም። «ታዲያ አባባ የት ነው ያለው? እማዬን ስጠይቃት አትነግረኝም» አለ። አባባ የሚለው ፈጽሞ ያላየውን አያቱን፣ አባታችንን ነው።

እኔም በፍጥነት «በሰማይ ነው» አልሁት። ልጁም ወዲያው፣ «ወንድሜ ግን መሬት ውስጥ ነው ያስገቡት ብሎኛል» ሲል መለሰልኝ። ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፤ የምናገረው አጣሁ። ደግሞም መልሴ ስሕተት ነበረበት፤ በየዓመቱ ስለ ነፍሱ መሥዋዕተ ቅዳሴ እያሳረግሁ ለገዛ አባቴ በአንድ ቃል ቅድስናን አወጅሁለት፤ ቤተ ክርስቲያን የሰጠችን ግን ተስፋና ጸሎት እንጂ የአዋጅ ሥልጣን አይደለም። እኅቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች።

ያን ጊዜ እናታችን፣ ፊደል እንኳ ያልቈጠረችው እናታችን፣ ከጋቢዋ ውስጥ እጇን አውጥታ የልጁን ራስ ነካችና እንዲህ አለችው፦ «እውነት ነው ልጄ፤ መሬት ውስጥ ነው ያስገባነው። እኔ ቆሜ አይቻለሁ። ጌታም ግን እዚያው ወርዷል፤ ከአባባ ቀድሞ ወርዷል። ስለዚህ ብቻውን አላስገባነውም።»

እኅቴ አለቀሰች። በባዕዳን መካከል፣ በዚያች ጠባብ ጀልባ ላይ፣ ስድስት ዓመት ያቈየችውን ልቅሶ አለቀሰች። ቀዛፊው አየንና ቀዘፋውን ቀስ አደረገ፤ የአማርኛ ቃል ባያውቅም ነገሩ የገባው ይመስለኛል። እኔ እንደ ልማዴ «በቃ፣ አይዞሽ» ልል አፌን ከፍቼ ነበር፤ እናቴ በዐይኗ ከለከለችኝ። ጌታችን አልዓዛርን ሊያስነሣው ቀርቦ ሳለ እንኳ በመቃብሩ አጠገብ እንዳለቀሰ (ዮሐ. 11፥35) እያስተማርን፣ የሚያለቅሰውን ሰው ዝም ለማሰኘት የምንቸኵል ካህናት ብዙ ነን።

እንግዲህ እናቴ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከጸሎት ያገኘችውን ነገር ለመምህራኑ ጥቂት ልዘርዝረው። በሕዝባችን አነጋገር ሲኦል ማለት ኃጥአን የሚቃጠሉበት እሳት ማለት ብቻ ሆኖ ቀርቷል፤ ስለዚህ ሕፃናት ጌታ ወደ ሲኦል ወረደ ሲባሉ ይደነግጣሉ፤ «ምን ስላጠፋ?» ብለው የሚጠይቁም አሉ። በቅዱሳት መጻሕፍት ግን ሲኦል በመጀመሪያ የሙታን ስፍራ ነው፤ ዕብራውያን ሺኦል፣ ግሪኮች ሐዴስ ያሉት ነው፤ ከጌታ መምጣት በፊት ጻድቁም ኃጥኡም የእግዚአብሔርን ፊት ማየት ተከልክሎ የሚወርድበት። የዘለዓለም ፍርድ የሆነው ገሃነም ሌላ ነው። በ1992 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቍጥር 633 ላይ ይህን ለይቶ ያስረዳል፦ ጌታ የወረደው የተፈረደባቸውን ሊያወጣ ወይም ገሃነምን ሊሽር ሳይሆን ከእርሱ በፊት ያለፉትን ጻድቃን ነጻ ሊያወጣ ነው። ጌታ ራሱም ዮናስ በዓሣ ሆድ ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት መቈየቱን የዚህ ነገር ምልክት አድርጎ ሰጥቶናል (ማቴ. 12፥40)።

ይህ መለየት አስፈላጊ ነው፤ ግን ከመለየቱ አትጀምሩ ብዬ እለምናችኋለሁ። እኔ በዘርአ ክህነት ትምህርት ቤት መለየቱን ተምሬ በፈተና አልፌበታለሁ፤ በጀልባዋ ላይ ግን አንድ ቃል አልወጣልኝም። በአገራችን ሥዕላት ጌታ ወደ ጥልቁ ወርዶ አዳምንና ሔዋንን በእጃቸው ይዞ ሲያወጣ ይታያል። ልጆቹን በዚህ ሥዕል ፊት አቁሟቸው፤ ማን ማንን እንደያዘ እነርሱ ራሳቸው ይናገሩ። አዳም ጌታን አልያዘም፤ ጌታ ነው አዳምን የያዘው። በቀዳም ሥዑር ቄጤማውን በራሳችን ላይ ስናስር፣ ትንሣኤው በምድር ላይ ገና ሳይታይ በጥልቁ ላሉት የምሥራች መድረሱን ንገሯቸው። ከመካከላቸው በቅርቡ አባት ወይም እናት የሞተበት ልጅ ቢኖር የእናንተን ትርጕም ሳይሆን ያን እጅ ነው የሚመለከተው።

ከጀልባው እንደወረድን የእግር መንገድና ደረጃ ይከተላል። 60 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የድንጋይ ተንጠልጣይ ወንዙን ሊነካ ተቃርቦ ይታያል፤ ከዚያም አልፎ ጣሪያው 94 ሜትር ከፍ የሚል ታላቅ አዳራሽ አለ፤ ካቴድራል እንኳ ይህን ያህል ቁመት ያለው ብዙ አይገኝም። እኔና የእኅቴ ባል ከልጆቹ ጋር ቀድመን ወጣን። እናቴና እኅቴ ተደጋግፈው፣ በየደረጃው እያረፉ፣ ከኋላ ቀሩ። ምን እንደተነጋገሩ አልጠየቅሁም። ከላይ ሆኜ ሳያቸው ነጩ ጋቢ በሁለቱም ትከሻ ላይ ነበር።

የዚያን ዕለት ማታ መቍጠሪያውን ማን ይምራ ስንል እኅቴ «እኔ ልምራ» አለች። ጸሎተ ሃይማኖቱን ጀምራ ወደዚያች ቃል ስትደርስ ቆመች። ትልቁ ልጅ የረሳችው መስሎት ሊያስታውሳት ፈለገ፤ ትንሹ ግን ጕልበቱን ያዘው። ጥቂት ጠበቅናት። ከዚያም ቃሉን ጨርሳ ተናገረችው፤ የመጀመሪያውንም ምሥጢር ከመጀመራችን በፊት «ይህ ለአባባ ይሁን» አለች፤ ስሙንም ጠራች።