የሕመምተኛ ቀንበር

ከጉና ተራራ በስተ ምሥራቅ ባለው ደጋ ላይ የተቀመጠችው የላይ ጋይንት ከተማ ነፋስ መውጫ ተብላ መጠራቷ ያለ ምክንያት እንዳልሆነ፣ በጥቅምት ጧት ጋቢውን ተከናንቦ ከደጁ ብቅ ያለ ሰው ሁሉ ያለ አስረጂ ይገነዘበዋል። ወገቡን ለሚያመው ሰው ግን ይህ ነፋስ ከስምም ያለፈ ነገር ነው፤ ሌሊቱን እንደ ደረቀ ጠፍር ሲኮማተር ያደረውን ጅማት ብርዱ በነካው ጊዜ፣ ከአልጋ እስከ ደጃፍ ያለችው አጭር መንገድ እንደ በሽሎ ዳገት ትረዝማለችና። እኔ በዚህች መንገድ 11 ዓመት ተመላልሼባታለሁ። በልጅነቴ አኩፋዳ አንግቼ ከስማዳ ቆላ እስከ እስቴ ደጋ በእግሬ የዞርሁ፣ ከዚያም ጠመኔ ይዤ በጥቁር ሰሌዳ ፊት ዕድሜዬን በቁም የጨረስሁ ሰው፣ በስተርጅና ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ማሰሪያ መቋጠር ተስኖኝ የልጅ ልጄን «እባክሽ እሰሪልኝ» እስከ ማለት ደረስሁ።

ያልሞከርሁት የለም። ወጌሻ አሽቶኛል፤ ጠበል ተጠምቄአለሁ፤ ደራ ወርጄ የዋንዛዬን ፍል ውሃ ገብቼበት፣ እውነት ለመናገር፣ ጥቂት ሳምንታት እፎይ ብዬም ነበር። በመጨረሻ ደብረ ታቦር ያገኘሁት አንድ ወጣት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ መድኃኒት ሳይሆን አንዲት ወረቀት ሰጠኝ። በወረቀቷ ላይ ሰው በአራት እግሩ ሆኖ ጀርባውን እንደ ድመት ሲያጎብጥ፣ በደረቱ ተኝቶ ራሱን ቀና ሲያደርግ፣ ጉልበቱን ወደ ሆዱ ሲያቅፍ የሚያሳዩ ሥዕሎች ነበሩ። «እነዚህ ከዮጋ የተወሰዱ ናቸው፤ ቀስ ብለው፣ ትንፋሽዎን እየተከተሉ ይሥሩአቸው» አለኝ። ወረቀቷን አጥፌ በኪሴ ከተትሁና አንድ ወር ያህል ሳልነካት ቆየሁ፤ ያስፈራኝም ሕመሙ ሳይሆን ስሙ ነበር። በማተብ ያደገ ሰው፣ ከሌላ ሃይማኖት ማኅፀን የወጣውን የሥጋ ልምምድ ለሥጋው ፈውስ ሲል ቢፈጽመው፣ ሥጋው የሚሠራውን ነፍሱ ሳታውቀው እንደ አምልኮ ይቈጠርባታልን?

ዮጋ የሚለው ቃል በጥንታዊው የሕንድ ሊቃውንት ቋንቋ በሳንስክሪት ከማጣመር፣ ከመጥመድ ግስ የወጣ ነው፤ ከዚያው ግንድ ለቀንበርም ስም ይወጣለታል። ይህን ባነበብሁ ጊዜ ቃሉ ከባዕድነቱ ብዙ ቀነሰልኝ፤ በእስቴ ማሳ ላይ በሬ ጠምዶ ያደገ ሰው ቀንበርን ከማንም መምህር ሊማረው አይገባምና፤ ጌታም በወንጌሉ ሸክማቸው የከበደባቸውን ወደ ራሱ ሲጠራ የሰጣቸው ልዝብ ቀንበርን እንጂ ከቀንበር መፈታትን አይደለም። ዮጋ በጥንቱ መልኩ በእርግጥ ሃይማኖታዊ መንገድ ነው፤ ፓታንጃሊ የተባለው ሊቅ ያስተማረው ከቶ ስለ ወገብ ሕመም ሳይሆን ኅሊናን ስለ ማሳረፍ ነበር። ዛሬ በዓለም ሁሉ የተሠራጩት የሰውነት አቋቋሞች ግን በአብዛኛው መልካቸውን የያዙት በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አጋማሽ፣ ክሪሽናማቻርያ የተባለው መምህር በማይሶር ቤተ መንግሥት ሲያስተምር፣ የጥንቱ ልምምድ በዘመኑ ከነበረው የሰውነት ማጠንከሪያ ጋር ተዋሕዶ ነው። እንግዲህ አንዱ ክፍል ጸሎት፣ ሌላው ክፍል ጂምናስቲክ ነው፤ ድንበሩንም ከሚሠራው ሰው ልብ በቀር የሚያውቀው የለም።

በጀመርሁበት ሰሞን፣ አጎዛዬን በረንዳ ላይ ዘርግቼ እጆቼን ወደ ላይ ስዘረጋ ያየችኝ ጎረቤቴ፣ «ጋሼ፣ ለፀሐይ መስገድ ጀመሩ እንዴ?» ብላ ጮኸችብኝ። ሳቅሁ፤ ነገር ግን ከዮጋ ልምምዶች አንዱ ለፀሐይ የሚቀርብ ሰላምታ ተብሎ እንደሚጠራ አውቅ ስለ ነበረ ሳቄ ሙሉ አልነበረም። ፊቴን ወደ ምሥራቅ ያዞርሁት ደግሞ አባቶቼ ሲጸልዩ ወደ ምሥራቅ ስለሚዞሩ እንጂ ለሌላ አልነበረም። ነገሩ ስላላሳረፈኝ ፊደል ወዳስቈጠሩኝ፣ ዛሬ ዕድሜያቸው ከ80 ወዳለፈው የኔታ ዘንድ ሄጄ ነገርኋቸው።

«ስትጎነበስ ማንን ትጠራለህ?» አሉኝ።

«ማንንም አልጠራም፣ የኔታ፤ ትንፋሼን ነው የምቈጥረው።»

«እንግዲያስ ቈጠራው ባዶውን ከሚሄድ እግዚኦ በልበት» አሉና፣ ቀጥለው፣ «በሬውን ቀንበሩ አያረክሰውም፤ የሚታረሰው የማን ማሳ እንደ ሆነ እይ» አሉኝ።

የኔታ ይህን ሲሉ አዲስ ነገር መፍቀዳቸው አልነበረም፤ እንዲያውም የራሳቸውን አሮጌ ነገር አስታወሱኝ። ይህ አገር የድጓ አገር ነው፤ ጋይንት ቤተልሔም ድጓ የሚመሰከርባት፣ ዙር አባም ዝማሬ መዋሥዕት የሚመሰከርበት ቦታ ነው። ዜማው በጉሮሮ ብቻ የሚያልቅ እንዳይመስላችሁ። ማኅሌት ቆሞ ያደረ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ደብተራው በመቋሚያው ላይ ተደግፎ ክብደቱን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ያሳልፋል፤ ወገቡን ያዘነብላል፤ ትከሻውን ይለቃል፤ ትንፋሹን ከዜማው ጋር ያስኬዳል፤ ከበሮው እስኪፈጥን ድረስም ምንም ነገር በችኰላ አያደርግም። በ19ኛው መቶ ዘመን የነበሩት የፎገራው ሊቅ አለቃ ገብረ ሐና፣ በልጃቸው ስም ተክሌ ተብሎ የሚጠራውንና በደብረ ታቦር ሥር የሰደደውን አቋቋም ሲደርሱ፣ ዝማሜውን ከጣና ማዕበልና ነፋስ ከሚያወዛውዘው ሸምበቆ እንደ ወሰዱት ይነገራል። ሸምበቆ የማይሰበረው ስለሚዘነብል ነው፤ ይህን የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው በሌላ ቋንቋ ነገረኝ እንጂ አለቃ ቀድመውታል። ስግደትም እንዲሁ ነው፤ ጉልበት፣ እጅ፣ ግንባር በተራ ወደ ምድር ይወርዳሉ፤ በተራም ይነሣሉ፤ በሰንበትና ከትንሣኤ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ደግሞ ስግደት ስለማይሰገድ ሥጋ ዕረፍቱ በሥርዓት ተቈርጦለታል። ልዩነቱን ግን አልሸሽግም፤ ዘማሚው ለወገቡ ሲል አይዘምምም። ወገቡ ቢጠቀም በረከት ነው፤ ባይጠቀምም ማኅሌቱ አይጎድልበትም።

እዚህ ላይ ስለ ሕመም ራሱ የማስበውን መናገር አለብኝ፤ በዚህ ነገር ከብዙ ወገኖቼ ጋር አልስማማምና። አቡነ ተክለ ሃይማኖት በጸሎት ብዛት እግራቸው እስኪሰበር መቆማቸውን፣ ከዚያም 7 ዓመት በአንድ እግር መቆማቸውን ገድላቸው ይናገራል። ቅዱስ ያሬድም በንጉሥ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር የንጉሡ ጦር እግሩን ወግቶት ሳለ፣ ወጊውም ተወጊውም በዜማው ተመስጠው ሕመሙን እንዳላወቁት፣ መታሰቢያው በሚደረግበት በግንቦት 11 ቀን ይነበባል። እነዚህ ታላላቅ ነገሮች ናቸው፤ ነገር ግን ጻድቁ መቆሙን መርጦታል፤ ያሬድም ከጦሩ በሚበልጥ ነገር ተይዞ ነበር። ከስማዳ ሸለቆ እንስራ አዝላ ዳገት ስትወጣ ወገቧ የተቆረጠባት እናት ግን ምን መረጠች? እርሷን «ሕመምሽ መስቀልሽ ነው፤ ቻይው፤ ዋጋሽ በሰማይ ነው» ብሎ ማሰናበት፣ በተጋድሎ ልብስ የተሸፈነ ግዴለሽነት ይመስለኛል። ቅዱስ ጳውሎስ እንኳ ስለ ሥጋው መውጊያ «ይሁን» ከማለቱ በፊት እንዲነሣለት ሦስት ጊዜ ለምኗል። በዐቢይ ጾም አራተኛ ሰንበት የምናስበው መጻጉዕም 38 ዓመት ከተኛ በኋላ አስቀድሞ የተጠየቀው ልትድን ትወዳለህን ተብሎ ነው። ለረጅም ዘመን የታመመ ሰው ይህ ጥያቄ ቀላል አለመሆኑን ያውቀዋል፤ ሕመሙን እንደ ቤቱ ለምዶታልና። (አልጋህን ተሸከም መባሉ ደግሞ ወገቡን ለሚያመው ሰው ምን ያህል አስደንጋጭ ትእዛዝ እንደ ሆነ፣ ትርጓሜውን የሚያውቁት ይፍረዱኝ።)

የዘመኑ ሊቃውንት በበኩላቸው የያሬድን ጦር ሳያውቁ ወደ እርሱ የቀረቡ ይመስለኛል። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1965 ሮናልድ ሜልዛክና ፓትሪክ ዎል፣ የሕመም መልእክት ወደ አንጎል ከመድረሱ በፊት በሕብለ ሰረሰር ላይ የሚያልፍበት እንደ በር ያለ ነገር መኖሩን፣ ይህንንም በር አንጎል ራሱ ከላይ ሊያጠብበው እንደሚችል ጻፉ። በሩ ያሉት ነገር በዝርዝሩ ከዚያ ወዲህ ብዙ ታርሟል፤ ሕመም ከቁስሉ ጋር እኩል አይሄድም የሚለው ግን ጸንቷል። ከሦስት ወር በላይ የቆየ ሕመም ብዙ ጊዜ፣ ጅቡ ከሄደ በኋላም ሌሊቱን ሙሉ እንደሚጮኽ ውሻ ነው፤ ውሻውን በዱላ ብትመታው ይብሳል፤ ዝም ብለህ ተሸፍነህ ብትተኛም ጩኸቱን አይተውም፤ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እያወጣህ ደጁ ሰላም መሆኑን ብታሳየው ግን ቀስ በቀስ ይረጋል። ዝግ ያለ እንቅስቃሴ የሚሠራው ይህን ነው። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ2017 ባወጣው መመሪያ፣ ለቆየ የወገብ ሕመም ከመድኃኒት አስቀድሞ የሰውነት እንቅስቃሴን፣ ከእነርሱም መካከል ዮጋን፣ መክሯል። እግሩ የሚዝልበት፣ ሽንቱን መቈጣጠር የተሳነው፣ ወይም ከሕመሙ ጋር ትኩሳት ያለበት ሰው ግን አጎዛውን ትቶ በፍጥነት ወደ ሐኪም ይሂድ።

እኔ አልዳንሁም። በብርድ ጧት ወገቤ ዛሬም ይናገራል፤ የሚናገረው ግን ከበፊቱ ዝቅ ባለ ድምፅ ነው፤ ጫማዬንም፣ የአልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ፣ ራሴ አስራለሁ። በግእዝ ነፋስ፣ ነፍስ፣ እስትንፋስ ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው። ጀርባዬን ሳጎብጥ እየተነፈስሁ፣ ስዘረጋው እየሳብሁ፣ በየአንዱ ላይ አንድ እግዚኦ ስል፣ 41 ሲሞላ ልምምዱ ያልቃል፤ የባለሙያው ወረቀት ካዘዘኝ ቍጥር በጥቂቱ ይበልጣል፤ እርሱም ሲሰማ አልተቃወመም።

ባለፈው የስቅለት ዕለት፣ ቀኑን ሙሉ ስግደት ከዋለ በኋላ ካህኑ ወይራ ይዘው በምእመናኑ ጀርባ ላይ እየጠበጠቡ ለየአንዳንዱ የስግደት ቍጥር ሲሰጡ፣ ተራዬ ደርሶ ቆምሁና ሕመሜን ነገርኋቸው። ወይራውን በትከሻዬ ላይ አሳርፈው፣ «አንተ በመቋሚያህ ተደገፍና ራስህን ብቻ ዝቅ አድርግ» አሉኝ። ከእኔ ኋላ የቆመችው ሴት ግን፣ ወገቧን በመቀነት ጠፍራ ያሰረች፣ ምንም ሳትናገር ሰማንያ ተቀብላ ሄደች። የንስሓ አባቶች ሆይ፣ እንዲህ ያለችው ሴት ዝም ብላ ቀኖናዋን ልትቀበል በፊታችሁ ስትቆም፣ ቍጥሩን ከመወሰናችሁ በፊት ስለ ወገቧ ጠይቋት።