የጋራ የሆነውን በጋራ ማወቅ



መንግሥት ስለ ዜጋው ብዙ ለማወቅ የሚችልበት ዘመን ላይ ደርሰናል። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተደነገገው የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ የነዋሪውን የጣት አሻራ፣ የዓይን ብሌንና ፎቶግራፍ ይመዘግባል። ይህ በራሱ ክፉ አይደለም፤ ማንነቱን የሚያስረዳበት ወረቀት የሌለው ድሃ በየቢሮው ደጅ ሲጠና ይኖራልና። ነገር ግን ከዚህ አንድ የግብረ ገብ ጥያቄ ይነሣል። መታየት የሚገባው ዜጋው ብቻ ነውን? ወይስ ዜጋውም በበኩሉ ለውሃው፣ ለትምህርት ቤቱና ለጤና ጣቢያው ምን ያህል ገንዘብ እንደ ተመደበና ምን እንደ ተሠራበት ማየት ይገባዋል?

በሕግ በኩል መልሱ ግልጽ ነው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ በሆነ መንገድ እንዲከናወን ያዝዛል። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 590/2000ም ጠያቂው ምክንያቱን እንዲያስረዳ ሳይገደድ መረጃ የሚያገኝበትን ሥርዓት ዘርግቷል። በቤተ ክርስቲያን ማኅበራዊ ትምህርትም ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ 23ኛ እ.ኤ.አ. በ1963 «ሰላም በምድር» በተሰኘው መልእክታቸው ስለ ሕዝብ ጉዳይ እውነተኛ መረጃ ማግኘትን ከሰው ልጅ መብቶች ጋር ቆጥረውታል። የሕዝብ ሀብት ባለቤት ሕዝቡ ነው፤ ሹሙ መጋቢ ነው። በወንጌሉ ምሳሌም ሒሳቡን እንዲያቀርብ የታዘዘው መጋቢው ነው እንጂ፣ ጌታው ስለ ጠየቀ አልተወቀሰም። እንግዲህ የሕዝብን ሒሳብ ለሕዝብ መግለጥ ዕዳ ነው እንጂ ችሮታ አይደለም።

የጋራ የሆነውን በጋራ አለማወቅ ምን እንደሚያስከፍል ሐረር በውሃዋ ተምራዋለች። የሐረማያ ሐይቅ ለብዙ ዓመታት የከተማችን የመጠጥ ውሃ ምንጭ ነበር። ገበሬው ጫቱንና አትክልቱን ለማጠጣት በፓምፕ ሳበ፤ ከተሞቹም ቀዱ፤ ከተራቈቱት ኮረብቶች የወረደውም ደለል የሐይቁን ሆድ ሞላው። እያንዳንዱ የራሱን ድርሻ እንጂ ድምሩን አላየም። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ሁለተኛ አጋማሽ ሐይቁ ደረቀ፤ ሐረርም ውሃዋን በድሬዳዋ በኩል ካሉት የሐሰሊሶ ጕድጓዶች በረጅም ቧንቧ እስከ ማምጣት ደረሰች። የሐይቁን መለወጥ ያጠኑ ምሁራን ነበሩ። ነገር ግን ጥናት በመደርደሪያ ላይ ሲቀመጥና፣ በፓምፑ ባለቤት፣ እንስራ በተሸከመችው እናትና በሹሙ ፊት በአንድነት ሲነበብ አንድ አይደለም። በቅርብ ዓመታት ሐይቁ መልሶ ውሃ መያዝ ጀምሯል፤ ስለዚህ ጥያቄውም ከውሃው ጋር ተመልሷል።

«ሕዝቡ ቍጥር አያነብም፤ ቢያነብም ለክርክር ብቻ ይጠቀምበታል» የሚሉ አሉ። ይህ አባባል ፈጽሞ ከንቱ አይደለም። ቍጥር ብቻውን ተለጥፎ ቢውል ዝናብና ፀሐይ ያጠፋዋል እንጂ ሰውን አያነቃም። ይሁን እንጂ ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን በተካሄደው የመሠረታዊ አገልግሎቶች ፕሮግራም የወረዳ በጀት በቀላል አገላለጽ እየተዘጋጀ በአደባባይ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ ነበር። ከዚሁ ጋር በተያያዘው የማኅበራዊ ተጠያቂነት ፕሮግራምም ተገልጋዮች ለጤና ጣቢያቸው ወይም ለትምህርት ቤታቸው ነጥብ ይሰጡ ነበር፤ ሠራተኞቹም ለራሳቸው ይሰጡ ነበር፤ ከዚያም ሁለቱ ወገኖች ፊት ለፊት ተቀምጠው ጕድለቱን የሚያርሙበትን ዕቅድ በአንድነት ያወጡ ነበር። ቍጥሩ ፍሬ የሚሰጠው በዙሪያው ሰዎች ሲቀመጡ ነው።

ይህ ለእኛ እንግዳ ትምህርት አይደለም። በጀጎል ግንብ ውስጥ አፎቻ፣ ከግንቡም ውጪ ዕድር ሰውን በደስታና በኀዘን አሰባስበው ኖረዋል። የዕድር ገንዘብ ያዥ ገቢውንና ወጪውን በአባላት ፊት ያነባል፤ የጠየቀውም አባል እንደ ጠላት አይቈጠርም። ለዕድሩ ጥቂት ብር ሒሳብ የሚጠይቅ ሰው ለከተማው ብዙ ብር ዝም ማለቱ ከምን የመጣ ነው? «መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ» የሚለው ብሂላችን በአደባባይ ጉዳይ ላይ ለምን ይረሳል?

አዲሱ ቴክኒክ ይህን ሥራ ያቀልላል። በሰሌዳ ላይ ይለጠፍ የነበረው በጀት ዛሬ በእጅ ስልክ ሊነበብ ይችላል። ሆኖም ሁለት ነገሮች ሊዘነጉ አይገባም። መጀመሪያ፣ ዘመናዊ ስልክ የሌላትና ማንበብ የማትችል እናት ባለቤትነቷ ከሌላው አያንስም። ስለዚህም የመረጃ ነጻነት አዋጁ መጻፍ የማይችል ሰው በቃል እንዲጠይቅ ፈቅዷል። ሁለተኛ፣ ግልጽነት ገመና መግለጥ አይደለም። የሕመምተኛ ካርድና የተረጂ ቤተሰብ ስም የአደባባይ ወሬ እንዳይሆን መጠበቅ አለበት፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የወጣውም ለዚህ መሰሉ ነገር ነው። ሚዛኑ ይህ ይመስለኛል፦ የሥልጣን ሥራ ይገለጥ፣ የድሃው ገመና ይሸፈን። ይህ ሥርዓት ተገልብጦ ድሃው በብርሃን፣ ቢሮው በጨለማ ሲቀመጥ ግን የቴክኒኩ ረቂቅነት በደሉን አያስተካክለውም።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ እናንተ በየቁምስናው ማንበብ የምትችሉና የምትታመኑ ናችሁ። የቀበሌው ማስታወቂያ ሲለጠፍ ማንበብ ለማይችሉት አንብቡላቸው፤ ያልገባችሁንም በትሕትናና ያለ ፍርሃት ጠይቁ። ሹሙን ሳይጠይቁ ማማት ከሐሜት አያልፍም፤ አውቆ መጠየቅ ግን ለጋራ ጥቅም የሚከፈል የዜግነት ዕዳ ነው። መጋቢው ሒሳቡን የማቅረብ ግዴታ እንዳለበት ሁሉ፣ ባለቤቱም የመስማት ግዴታ አለበት።