መጀመሪያ ክኒኑን የዋጡት



አንድ ጥያቄ ላንሳ። ሰውነታችን አማና ነው። ታዲያ ገና በሙከራ ላይ ያለ መድኃኒት መውሰድ አማናውን መጠበቅ ነው ወይስ ማጉደል?

ኤችአይቪና ሄፓታይተስ ሲ አብረው የያዟቸውን ሰዎች አስቡ። ሁለቱ ሲገናኙ ጉበት ቶሎ ይጎዳል። የቀድሞው የኢንተርፌሮን መርፌ ወራት ይፈጃል፣ ያሠቃያል፤ እነሱን የማዳን ዕድሉም ከሌላው ያነሰ ነበር። በኋላ 335 እንዲህ ያሉ ሕሙማን በአሜሪካ፣ በካናዳና በኒውዚላንድ አዲስ ሕክምና ለመሞከር ፈቀዱ። ለ12 ሳምንት በቀን አንድ ክኒን ዋጡ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ሲታተም 96 በመቶዎቹ ከሄፓታይተስ ሲ ድነዋል።

ጉዳቱ ሳይደበቅ የተነገረው፣ «አልፈልግም» ማለት እየቻለ አውቆ የገባ ሰው፣ እንደኔ አማናውን አላጎደለም፤ ሰበቡን አድርሷል። ከዚያ በኋላ ግን አማናው ወደ ሌሎች ይሻገራል። በክኒኑ ውስጥ ካሉት ሁለት መድኃኒቶች አንዱ፣ ሶፎስቡቪር፣ እ.ኤ.አ. በ2013 አሜሪካ ገበያ ላይ ሲውል የአንዱ ክኒን ዋጋ 1,000 ዶላር ነበር። ሕሙማን በገዛ ሰውነታቸው ሞክረው ያስገኙትን ፈውስ ሌላው ሕመምተኛ ገንዘብ ስለሌለው ብቻ ካጣው፣ አማናውን ያጎደለው ማን ነው?

እስቲ ዛሬ አስቡበት። አላህ ለሕሙማን ሁሉ ሺፋውን ያድርግላቸው። አሚን።