ለእህቴ ልጅ፣ ሥራ ለጀመርሽው

ልጄ፣ ሜሪላንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ሥራ እንዳገኘሽ ስትነግሪኝ እልል አልኩ። ወዲያው ደግሞ «ጋሼ፣ አለቃዬ የደበቅሁት ነገር ያለ ይመስላታል» አልሽኝ። ስታናግርሽ መሬት መሬት ታያለሽ፣ አይደል? እናትሽ ያስተማረችሽ አክብሮት እዚህ ጥፋተኛ ያስመስላል። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ነውና ቀና ብለሽ ዓይኗን እያየሽ መልሺላት፤ ጨዋነትሽ አይቀነስም።

እኔ እ.ኤ.አ. በ1983 ከሱዳን ዋሽንግተን ገብቼ ፓርኪንግ ስቀጠር፣ አለቃዬ «ገባህ?» ሲለኝ እንደ አገራችን ደንብ ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብ አደርግ ነበር። አስም ያፈነኝ መስሎት ውኃ ይዞልኝ ሮጦ ያውቃል።

ያ አሳቀን። ያላሳቀኝን ልንገርሽ። ዝም አይነቅዝም ብዬ አሥራ አንድ ዓመት ሠራሁ። ያለማመድኳቸው ልጆች አንድ በአንድ አለቃ ሆኑብኝ። በመጨረሻ ስጠይቅ «ፍላጎት ያለህ አልመሰለኝም» ተባልኩ። አነጋገሬን ንቀውም ይሆናል፤ ቢሆንም ግማሹ ጥፋት የአፌ ነው። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ያሉት አባቶቻችን የዚህን አገር የዕድገት አሰጣጥ ያዩ ይመስላሉ። ስሜንም «ቶኒ» ሲሉት አላረምኳቸውም። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ የኔ ቶኒ ሆኖ ሊውል ነው እንግዲህ።

አንቺም ካልተናገርሽ፣ ገና በጃንዋሪ 7 እንደሚውል አለቃሽ ከየት ታውቃለች? የፈረቃው ፕሮግራም ሳይወጣ በጽሑፍ ጠይቂ። በ1964 የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለውን ቀጣሪ በሃይማኖትና በትውልድ አገር ምክንያት እንዳያበላልጥ ያግደዋል። በ2023 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እሑድ አልሠራም ባለ አንድ ፖስተኛ ጉዳይ፣ ቀጣሪ ለእምነት ፈቃድ ለመከልከል ከባድ ጫና እንደሚደርስበት ማሳየት አለበት ብሏል። በደል ከደረሰብሽ ቀኑን እየመዘገብሽ ያዢ። ይህን ሕግ ለሚያስፈጽመው የፌዴራል መሥሪያ ቤት አቤት የሚባልበት ጊዜ በቀን የተቆጠረ ነው፤ 180 ቀን፣ እንዲህ ያለ የራሱ መሥሪያ ቤት ባለው ግዛት 300። እኛ ግን ቂሙን ስናብላላ ቀኑ ያልፋል።

አሁን የምትቀየሚኝን ልናገር። በእረፍት ክፍሉ አምስት ሐበሾች ተሰብስባችሁ በአማርኛ እንደምትስቁ፣ ያቺ የኤልሳልቫዶር ልጅ ደግሞ ጥግ ላይ ብቻዋን እንደምትበላ ራስሽ ነገርሽኝ። በእረፍትሽ በቋንቋሽ ማውራት መብትሽ ነው። ግን ወሬው ባይገባትም ሳቁ ይገባታል። ፈረንጅ ናቀን እያልን እኛው «ስፓኒሿ» እያልን ስንጠራት ምን ይባላል? የሷም ወገኖች ከ1980 እስከ 1992 በዘለቀው የእርስ በርስ ጦርነት ነው አገራቸውን ለቀው የወጡት፤ እኛ ከደርግ በሸሸንባቸው በእነዚያው ዓመታት፣ ወደዚህችው ከተማ።

ነገ ከጎኗ ተቀመጪ። ስሟ በአገሯ አፍ እንዴት እንደሚጠራ ጠይቂያት፣ ያንቺንም አስተምሪያት። እኔ ከአንድ ሳልቫዶራዊ ጋር ዘጠኝ ዓመት ጎን ለጎን ቆሜ መኪና አቁሜአለሁ። «አሚጎ» እለው ነበር፤ እሱም «ቶኒ» ይለኛል። ጡረታ የወጣ ቀን ኬኩ ላይ የተጻፈውን ስም ሳነብ የሌላ ሰው መስሎኝ ነበር።